ቁጥሩ ከየት መጣ?

በትሪጎኖሜትሪ ክብ ዙሪያ ስለ ተጻፉት ቁጥሮችና ስለ ምክንያታቸው

ልጅ ከትምህርት ቤት ይዞት የሚመለሰው ደብተር የቤተ ሰቡም ደብተር ነው። ወላጅ የተጻፈበትን ቋንቋ ባያውቀው እንኳ፥ ልጁ በማታ መብራት ሥር ተቀምጦ በዚያ ደብተር ላይ ሲያዝን ወይም ሲደሰት ያያል፤ አብሮትም ያዝናል፤ አብሮትም ይደሰታል። ስለዚህ በዚህ ወር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በብዙ ቤት ስለሚያስጨንቅ አንድ ነገር ልንጽፍ አሰብን። ይኸውም ትሪጎኖሜትሪ በሚባለው የሒሳብ ክፍል ዩኒት ሰርክል ተብሎ የሚጠራው ክብና በዙሪያው የሚጻፉት ቁጥሮች ነገር ነው። ይህ ለሒሳብ አዋቂዎች ብቻ የተተወ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፥ እስከ መጨረሻው ከእኛ ጋር ይታገሥ ዘንድ እንለምነዋለን፤ አንድ ችካል፥ አንድ ገመድና ጥቂት ማስተዋል ካለው የሚጎድለው ነገር የለምና።

ለመጻፍ ያነሣሣን በአንድ ወዳጃችን ቤት በእንግድነት በተቀመጥንበት ምሽት ያየነው ነው። የቤቱ ታላቅ ልጅ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። በፊቷ አንድ ወረቀት ተዘርግቷል፤ በወረቀቱ መካከል ክብ ተስሏል፤ በክቡም ዙሪያ 16 ነጥቦች ተቀምጠው በየነጥቡ አጠገብ ሁለት ሁለት ቁጥሮች ተጽፈዋል። ልጅቱ ዐይኗን ጨፍና «ሳይን 30 ግማሽ፤ ሳይን 45 የስኩዌር ሩት 2 ግማሽ፤ ሳይን 60 የስኩዌር ሩት 3 ግማሽ» እያለች ትደግማለች። ባለፈው ፈተና የ30ውን ለ60፥ የ60ውን ለ30 አቀያይራ ስለ ጻፈች ከተጠየቀችው እኩሌታውን እንኳ አላገኘችም። እናቷ ቀስ ብለው እንደ ነገሩን፥ ከሕፃንነቷ ጀምሮ መሐንዲስ ለመሆን ታስብ የነበረችው ልጅ አሁን «ሒሳብ ለእኔ አልተፈጠረም» ብላ፥ በሚመጣው ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስን መስመር ትታ ሌላውን ለመምረጥ ቈርጣለች።

በማዕዘኑ ጸጥ ብለው የተቀመጡት አያቷ በጐልማሳነታቸው በቅኔ ቤትና በመጽሐፍ ቤት ብዙ ዘመን የቈዩ ሰው ናቸው። ድግሟን ከሰሙ በኋላ እንዲህ ሲሉ ጠየቋት፤

«ልጄ፥ ይህ የምትደግሚው ምንድን ነው?»

«ቁጥር ነው አባባ፤ ነገ ይጠይቁናል።»

«ንባቡንስ ይዘሽዋል፤ ትርጓሜው ምንድን ነው? ይህ ግማሽ የምትዪው የምን ግማሽ ነው? ከየትስ መጣ?»

ልጅቱ ብዙ ጊዜ ዝም ካለች በኋላ፥ «ሰንጠረዡን በቃላችሁ ያዙ ተባልን እንጂ ከየት እንደ መጣ አልተነገረንም» ብላ መለሰች።

በጥንታዊው የአገራችን ትምህርት ንባብና ትርጓሜ ልዩ ልዩ ማዕርግ እንዳላቸው አንባብያን ያውቃሉ። ሕፃኑ አስቀድሞ ፊደል ይቈጥራል፤ ዳዊት ይደግማል፤ የሚደግመውንም በቃሉ ይይዛል። ይህን ማንም አይነቅፈውም፤ ያልተያዘ ንባብ ሊተረጐም አይችልምና። ነገር ግን ንባቡን የያዘ ሁሉ ምሥጢሩን ዐወቀ አይባልም፤ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ «ይህ ስለ ምን እንዲህ ተባለ?» ብሎ መጠየቅ፥ ምክንያቱንም መስማት አለበት። አያትየው የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ ጥያቄውም ለሳይንና ለኮሳይን እንኳ የሚገባ ሆኖ አገኘነው።

መልሱን አስቀድመን በአጭሩ እንናገር። በዚያ ወረቀት ላይ በ16ቱ ነጥቦች አጠገብ የተጻፉት 32 ቁጥሮች በማንም ትእዛዝ የተደነገጉ አይደሉም። በአራቱ አቅጣጫዎች ላይ የተቀመጡት ሳይሰሉ በዐይን ብቻ ይታወቃሉ፤ የቀሩት ሁሉ ከሁለት ቅርጾች እኩሌታ ይወጣሉ። አንደኛው ቅርጽ ሦስቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ሁለተኛው ካሬ ነው። እነዚህን ሁለቱን ለሁለት መክፈል የቻለ ተማሪ፥ ሰንጠረዡ ከልቡ ቢጠፋ መልሶ ይሠራዋል።

ችካልና ገመድ

በገጠር ጎጆ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ በመሬቱ መካከል ችካል ይተክላል፤ በችካሉም ላይ ገመድ ያስራል፤ የገመዱን ጫፍ ወጥሮ ይዞ ዙሪያውን እየዞረ መሬቱን ይጭራል። እንዲህ አድርጎ የሠራው ክብ ትክክለኛ የሚሆነው በአንድ ምክንያት ነው፤ በክቡ ላይ ያለው ቦታ ሁሉ ከችካሉ የሚርቀው በገመዱ ልክ ነውና። ተማሪዎች ሬዲየስ የሚሉት ይህን የገመዱን ርዝመት ነው።

እንግዲህ የገመዱን ርዝመት «አንድ» እንበለው። አንድ ሜትር ወይም አንድ ክንድ ቢሆን ልዩነት የለውም፤ ገመዱ ራሱ መለኪያችን ነው። ዩኒት ሰርክል ማለትም ሬዲየሱ አንድ የሆነ ክብ ማለት ነው እንጂ ሌላ ረቂቅ ነገር የለበትም።

ቀጥሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በችካሉ ላይ የሚያልፍ ቀጥተኛ መሥመር እናስምር። በተማሪው ወረቀት ላይ ምሥራቅ በቀኝ፥ ሰሜን በላይ በኩል ነው። አንድ ልጅ ገመዱን ወጥሮ በምሥራቁ ጫፍ ይቁም፤ ከዚያም ክቡን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይሂድ። እርሱ ሲሄድ ገመዱ ከመሥመሩ እየተለየ ይዞራል፤ ገመዱ የዞረበት መጠን በዲግሪ ይቈጠራል። ሙሉ ዙር 360 ዲግሪ ነው፤ ከምሥራቅ እስከ ሰሜን ያለው ሩብ ዙር 90 ዲግሪ ነው።

ልጁ በመንገዱ ላይ በማናቸውም ቦታ ሲቆም ሁለት ጥያቄ እንጠይቀዋለን። አንደኛው፥ «ከመሥመሩ ወደ ሰሜን ምን ያህል ርቀሃል?» የሚል ነው፤ የዚህ መልስ ሳይን ይባላል። ሁለተኛው፥ «ከችካሉ ወደ ምሥራቅ፥ በመሥመሩ ላይ ሲለካ፥ ምን ያህል ርቀሃል?» የሚል ነው፤ የዚህ መልስ ኮሳይን ይባላል። ሳይንና ኮሳይን እነዚህ ሁለት ርቀቶች ናቸው።

ስለ ምን ገመዱን አንድ አደረግነው? ገመዱ 5 ሜትር ቢሆን ሁለቱም ርቀቶች አምስት እጥፍ ይሆኑ ነበር፤ ሳይኑንና ኮሳይኑን ለማግኘትም ርቀቱን ሁሉ ለ5 ማካፈል ያስፈልግ ነበር። ገመዱ አንድ ሲሆን ግን ለአንድ ማካፈል ምንም አይለውጥምና የለካነው ርቀት ራሱ መልሳችን ነው።

በአቅጣጫዎቹ ላይ ያሉት ዋጋዎች ያለ ሒሳብ ይነበባሉ። ልጁ ገና በምሥራቅ ሳለ፥ ማለት በ0 ዲግሪ፥ ወደ ሰሜን ምንም አልራቀም፤ ስለዚህ ሳይን 0 ነው፤ ወደ ምሥራቅ የራቀው በሙሉ ገመድ ነው፤ ስለዚህ ኮሳይን 1 ነው። በ90 ዲግሪ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሳይን 1፥ ኮሳይን 0 ይሆናል።

ስድስቱ እኩል እርምጃ

አሁን ልጆችን ሁሉ ወደሚያስደስተው ነገር ደርሰናል። አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ ካለ ክብ ትሪ ላይ ይህን ሞክረው። ከመካከሉ እስከ ጠርዙ ባለው ርቀት ልክ አንድ ቀጥ ያለ ስንጥር ቍረጥ። ያንኑ ስንጥር ከጠርዝ ወደ ጠርዝ እያጋደምህ ዙሪያውን ለካ። በስድስተኛው ልክ ከተነሣህበት ነጥብ ላይ ትመለሳለህ፤ አይተርፍም፤ አይጎድልምም።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። እያንዳንዱን ነጥብ ከመካከሉ ጋር ብናገናኘው ስድስት ሦስት ማዕዘኖች ይወጣሉ፤ የእያንዳንዱም ሦስት ጎኖች እኩል ናቸው፤ ሁለቱ ከመካከል እስከ ጠርዝ ያሉት፥ ሦስተኛውም ስንጥሩ ስለ ሆነ። ጎኖቹ እኩል ከሆኑ ማዕዘኖቹም እኩል ናቸው። የሦስት ማዕዘን ውስጣዊ ማዕዘኖች ድምር 180 ዲግሪ ነውና፥ ለሦስት ሲካፈል እያንዳንዱ 60 ዲግሪ ይሆናል። ስድስት ጊዜ 60 ደግሞ 360 ነው፤ ስለዚህ ክቡ ይሞላል።

ከእነዚህ ከስድስቱ አንዱን፥ አንድ ጎኑ በምሥራቁ መሥመር ላይ የተጋደመውን እንውሰድ። አንዱ ማዕዘኑ በችካሉ ላይ ነው፤ ሁለተኛው በምሥራቁ ጫፍ ነው፤ ሦስተኛው በክቡ ላይ በ60 ዲግሪ ቦታ ቆሟል። ግንበኛ ግድግዳው መቃናቱን ለማየት ቱምቢ እንደሚያወርድ፥ እኛም ከሦስተኛው ማዕዘን ወደ መሥመሩ ቱምቢ እናውርድ። ሦስት ማዕዘኑ በሁለቱ ወገን እኩል ስለ ሆነ ቱምቢው የሚያርፈው ከሥሩ ጎን እኩሌታ ላይ ነው። የሥሩ ጎን 1 ነበረ፤ እኩሌታው ግማሽ ነው። እነሆ ኮሳይን 60 ተገኘ፤ አያትየው «የምን ግማሽ ነው?» ብለው ለጠየቁትም መልሱ ይኸው ነው። የገመዱ ግማሽ ነው።

ከፍታውስ? የፓይታጎራስ ሕግ፥ ቀጥታ ማዕዘን ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ የሁለቱ አጫጭር ጎኖች ካሬ ሲደመር ከረጅሙ ጎን ካሬ ጋር እኩል ነው ይላል። ረጅሙ ጎን ገመዱ ነው፤ የ1 ካሬ 1 ነው። አንዱ አጭር ጎን ግማሽ ነው፤ የግማሽ ካሬ ሩብ ነው። ከአንድ ላይ ሩብ ሲነሣ ሦስት ሩብ ይቀራል። ስለዚህ የከፍታው ካሬ 3/4 ነው። በራሱ ተባዝቶ 3/4 የሚሰጠው ቁጥር የቱ ነው? ከላይ የ3 ስኩዌር ሩት፥ ከታች የ4 ስኩዌር ሩት፥ ማለት 2፤ እንግዲህ √3/2 ይሆናል። በአስርዮሽ ሲጻፍ 0.866 ያህል ነው፤ የሚጠራጠር ሰው 0.866ን በራሱ ቢያባዛው ወደ 0.75 እጅግ የቀረበ ቁጥር ያገኛል። ሳይን 60 ይህ ነው።

ለ30 ዲግሪ አዲስ ድካም አያስፈልግም። ቱምቢው የከፈለው እኩሌታ ሦስት ማዕዘን አንዱ ማዕዘኑ 60፥ አንዱ 90፥ የላይኛው 30 ነው። ይህንኑ ቅርጽ ከወረቀት ቈርጠን ረጅሙን ቋሚ በመሥመሩ ላይ ብናጋድመው፥ በችካሉ ላይ የሚያርፈው የ30ው ማዕዘን ይሆናል። የቆመው ተጋደመ፤ የተጋደመው ቆመ። ስለዚህ ሳይን 30 ግማሽ፥ ኮሳይን 30 √3/2 ነው። ልጅቱን በፈተና ያሳሳታት ይህ መለዋወጥ ነበር፤ ቅርጹን ያየ ሰው ግን ሊስት አይችልም። በ30 ዲግሪ ገመዱ ገና ወደ ምድር የቀረበ ነውና ከፍታው ትንሹ ቁጥር ነው፤ በ60 ዲግሪ ወደ ላይ ተነሥቷልና ከፍታው ትልቁ ቁጥር ነው።

በክብ ውስጥ ያለ ካሬ

የቀረን 45 ዲግሪ ነው። ለዚህ የሚሆነው ምሳሌ በአገራችን ብዙ ምእመናን በየሰንበቱ የሚያዩት ነው። በክብ ቅርጽ በተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት መቅደሱ አራት ማዕዘን ሆኖ በክቡ መካከል ይቆማል። ከእንዲህ ያለ ካሬ መካከል ችካል ተክለን ገመዱን እስከ አንዱ ማዕዘን ብንወጥርና ብንዞር፥ የምንሠራው ክብ አራቱን ማዕዘኖች ሁሉ ይነካል። ግድግዳዎቹ ወደ አራቱ አቅጣጫ የዞሩ እንደ ሆነ፥ በሰሜንና በምሥራቅ መካከል ያለው ማዕዘን ከሁለቱም እኩል የራቀ ነው፤ እርሱም የ90 እኩሌታ 45 ዲግሪ ነው።

በዚያ ቦታ የቆመ ሰው ወደ ምሥራቅ የራቀውን ያህል ወደ ሰሜንም ርቋል። እንግዲህ ሳይኑና ኮሳይኑ እኩል ናቸው። ሁለት እኩል ካሬዎች ተደምረው 1 የሚሆኑ ከሆነ እያንዳንዱ ካሬ ግማሽ ነው። በራሱ ተባዝቶ ግማሽ የሚሰጠውን ቁጥር ለማግኘት፥ ግማሹን 2/4 ብለን እንጻፈው፤ ዋጋው አልተለወጠም። ከላይ የ2 ስኩዌር ሩት፥ ከታች የ4 ስኩዌር ሩት ሲወሰድ √2/2 ይሆናል፤ በአስርዮሽ 0.7071 ያህል ነው። ተማሪዎች «ይህ ስኩዌር ሩት 2 ከየት መጣ?» እያሉ የሚደነቁበት ቁጥር የመጣው ከካሬው ነው፤ የ60ው ስኩዌር ሩት 3 ደግሞ ከእኩል ጎን ሦስት ማዕዘኑ ነው።

አሁን የሳይኖቹን ካሬዎች በተርታ ብናስቀምጣቸው የሚያምር ሥርዓት እናያለን። በ0 ዲግሪ 0/4፥ በ30 ዲግሪ 1/4፥ በ45 ዲግሪ 2/4፥ በ60 ዲግሪ 3/4፥ በ90 ዲግሪ 4/4 ነው። ብዙ አስተማሪዎች ይህን ተርታ ለማስታወሻ ይሰጣሉ፤ መልካምም ነው። ሆኖም ማስታወሻው ምክንያቱን አይተካም፤ ምክንያቱን ዐውቆ ማስታወሻውን መያዝ ግን እጥፍ ጥቅም አለው።

የቀሩት ነጥቦች እንደ መስተዋት

ልጁ ሰሜንን አልፎ ወደ ምዕራብ ቢቀጥል አዲስ ቁጥር አያገኝም። በ150 ዲግሪ ላይ ሲቆም ከምዕራቡ መሥመር በ30 ዲግሪ ይርቃል፤ ከፍታው ከ30 ዲግሪ ከፍታ ጋር አንድ ነው፤ ማለት ግማሽ ነው። ነገር ግን አሁን ከችካሉ በስተ ምዕራብ ስለ ሆነ ርቀቱ በተቃራኒው አቅጣጫ ይቈጠራል፤ ይህንንም ለማመልከት ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ይደረጋል። እንዲሁም ከመሥመሩ በታች ወደ ደቡብ ሲወርድ ሳይኑ የመቀነስ ምልክት ይይዛል። ስለዚህ በ210 ዲግሪ ሁለቱም፥ በ330 ዲግሪ ሳይኑ ብቻ የመቀነስ ምልክት አላቸው። ምልክቱ አቅጣጫውን ይናገራል፤ ቁጥሩ ርቀቱን ይናገራል። ወረቀቱን በሁለቱ መሥመሮች ላይ አጥፎ ወደ ብርሃን የሚያነሣው ተማሪ፥ 16ቱ ነጥቦች እርስ በርሳቸው ሲገጣጠሙ በዐይኑ ያያል።

ታንጀንት የሚባለውም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ከፍታው ለአግድም ርቀቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው። በ45 ዲግሪ ሁለቱ እኩል ናቸውና ታንጀንቱ 1 ነው። በ90 ዲግሪ ግን አግድም ርቀቱ 0 ነው፤ ለዜሮ ማካፈልም ስለማይቻል ታንጀንት የለውም።

ሰንጠረዡን አስቀድመው የሠሩት

ይህን ሥራ የሠሩት የጥንት ሰዎች መጀመሪያ ያሰቡት ስለ ፈተና ሳይሆን ስለ ሰማይ ነበር። የፀሐይን፥ የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ ለመቍጠር ክቡን መለካት ያስፈልጋቸው ነበርና። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ150 ዓ.ም. ገደማ በእስክንድርያ ይኖር የነበረው ክላውዲዮስ በጥሊሞስ፥ አልማጀስት በሚባለው መጽሐፉ ውስጥ በግማሽ ዲግሪ እየጨመረ እስከ 180 ዲግሪ የሚደርስ ባለ 360 መሥመር ሰንጠረዥ አስቀምጧል። እርሱ የለካው በክቡ ላይ ካለ አንድ ነጥብ ወደ ሌላው ነጥብ የሚዘረጋውን ቀጥተኛ አውታር ነው። ገመዱንም አንድ በማለት ፈንታ 60 አለው፤ የቀረውንም በስድሳኛ፥ በስድሳኛውም ስድሳኛ ይከፍለው ነበር። ይህ የ60 አከፋፈል ከባቢሎናውያን የመጣ ሲሆን፥ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በባሕረ ሐሳብ አንዲት ዕለት በ60 ኬክሮስ፥ አንዱም ኬክሮስ በ60 ካልዒት ይከፈላልና።

በበጥሊሞስ ሰንጠረዥ የ60 ዲግሪ አውታር በትክክል 60 ነው፤ ይህም በትሪው ላይ በስንጥር የለካነው ስድስተኛ እጅ ነው። የ90 ዲግሪ አውታር 84 ከ51 ስድሳኛ፥ ከ10 የስድሳኛ ስድሳኛ ነው። የዚህን እኩሌታ ወስደን ለ60 ብናካፍለው 0.7071 እናገኛለን፤ ይኸውም ልጅቱ በወረቀቷ ላይ ያላት የሳይን 45 ዋጋ ነው።

አውታሩን ለሁለት ከፍሎ እኩሌታውን መቍጠር ለሥራ እንደሚቀልል ያሳዩት የሕንድ ሊቃውንት ናቸው። በ499 ዓ.ም. ገደማ የጻፈው አርያብሃታ የእኩሌታ አውታሮችን ሰንጠረዥ ሰጥቷል፤ እኛ ዛሬ ሳይን የምንለው ይህን እኩሌታ ነው። ሕንዶቹ በቋንቋቸው የቀስት ጅማት በሚል ትርጉም «ጂያ» ይሉት ነበር። ዐረቦች ቃሉን ወስደው «ጂባ» አሉት፤ በጽሕፈታቸው አናባቢ ስለማይጻፍ ግን ኋላ «ጀይብ» ተብሎ ተነበበ፤ ጀይብም የልብስ እጥፋት ወይም ጕያ ማለት ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት ወደ ላቲን የተረጐሙት ሰዎች ይህንኑ ተከትለው «ሲኑስ» አሉት። እንግዲህ በተማሪው ደብተር ላይ የምናየው ስም በንባብ ስሕተት የተገኘ ነው፤ ስሙ ቢሳሳትም ርቀቱ አልተሳሳተም።

እዚህ ላይ አስተዋይ ተማሪ፥ «ስለ ምን 30፥ 45ና 60 ብቻ? ስለ ምን 20 ወይም 1 ዲግሪ የለም?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው የሚገባ ነው። እነዚህ ሦስቱ የተመረጡት ቅርጻቸው ቀላል ስለ ሆነ ነው፤ ለሌሎቹ እንዲህ ያለ ቀላል ቅርጽ የለም። በጥሊሞስም ለ1 ዲግሪ ብዙ ደክሟል። ከአምስት ማዕዘንና ከስድስት ማዕዘን የ72ንና የ60ን አውታር አገኘ፤ ከልዩነታቸው የ12ን አወጣ፤ እርሱን እየከፈለ ወደ 6፥ ወደ 3፥ ወደ አንድ ተኩልና ወደ ሦስት ሩብ ዲግሪ ወረደ። አንድ ዲግሪ በሁለቱ መካከል ነውና ከላይና ከታች አጥሮ ያዘው። ዛሬ ይህን ሁሉ የኪስ መቍጠሪያ መሣሪያ በቅጽበት ይናገራል፤ ነገር ግን መሣሪያው የሚናገረው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ምክንያቱን አይናገርም።

በቤት ውስጥ ያለው ጥቅም

«ይህ ሁሉ ለኑሮ ምን ይረባል?» የሚል ወላጅ መሰላልን ያስብ። የ4 ሜትር መሰላል ከምድር በ60 ዲግሪ ተደግፎ ቢቆም፥ እግሩ ከግድግዳው የሚርቀው በኮሳይን 60 ልክ፥ ማለት በመሰላሉ እኩሌታ፥ 2 ሜትር ነው። ጫፉ የሚደርሰው 4 ጊዜ 0.866፥ ይኸውም 3.46 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። መሰላሉ እዚህ ላይ ገመዱ ነው፤ ገመዱ በ4 ስለ በዛ ርቀቱም ከፍታውም በ4 በዙ። የቤት ጣሪያ የሚያዋቅር አናጢም ሳይን ብሎ ባይጠራው ይህንኑ ይቈጥራል።

ከዚህም ሌላ ጥቅም አለ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፥ ልጁ የቃሉ እንግዳነትና የነገሩ አዲስነት በአንድነት ይከብዱታል። ወላጅ ትሪጎኖሜትሪ ባያውቅ ማፈር የለበትም፤ «ይህ ምንድን ነው? ከየትስ መጣ?» ብሎ በገዛ ቋንቋው መጠየቅ ይችላልና። ልጁ ለአባቱና ለእናቱ በአማርኛ ለማስረዳት ሲሞክር የገባውንና ያልገባውን ራሱ ይለያል።

በዚያ ምሽት እኛና ልጅቱ ከወረቀቱ ጀርባ ላይ ክብ ሠርተን፥ በኮምፓስ ስድስት ጊዜ ዞርነው፤ ሦስት ማዕዘኑንም ለሁለት ከፈልነው። ግማሹን በራሷ እጅ ስታገኘው፥ «እንዴ! ይህ የገመዱ ግማሽ ነው እንጂ!» አለች። አያትየው ግን ገና አልረኩም ነበርና፥ «እስኪ ወረቀቱን ደብቂና ለእኔ እንደገና አስረጂኝ» አሏት። እርሷም ከአያቷ ፊት ተቀምጣ በሰፌድና በክር አስረዳቻቸው፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፤ ሁለቱንም ጊዜ ቅርጹን አይታ ራሷን አረመች።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደዚያ ቤት ተመልሰን ሄደን ነበር። የፈተናዋን ወረቀት አሳየችን። ሙሉ አላገኘችም፤ በሌላ ክፍል የሳተችው ጥያቄ ነበረ። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ግን በእርሳስ የተሠራ ትንሽ ሦስት ማዕዘን አየን፤ በመካከሉ ቱምቢ የወረደበት ነው። «ሰንጠረዡ ጠፍቶብኝ ነበር፤ እንደገና ሠራሁት» አለችን። ስለ መጪው ዓመት ምርጫዋ ስንጠይቃት፥ «ገና አላሰብሁበትም» ብላ ፈገግ አለች፤ «ሒሳብ ለእኔ አልተፈጠረም» ያለችውን ቃል ግን አልደገመችውም። ታናሽ ወንድሟም በዚያን ጊዜ የእናቱን ትሪ ይዞ በስንጥር ዙሪያውን ይለካ ነበር፤ ስድስት ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ፥ «አባባ፥ ለምን ሰባት አልሆነም?» ብሎ ጠየቀ።

አያትየውም ወደ ልጅቱ ዞር ብለው፥ «መምህሩ አንቺ ነሽ፤ ንገሪው» አሏት።